ንግድን የከለከለ መንግሥት ለንግድ ሕግ ሲያወጣ፤ የቬትናም ዐምሳ ዓመት

ንግድ የሚለመልመው ገንዘብና ትጋት ስላሉ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ የተፈቀደው ሥራ ነገ እንደማይከለከል ነጋዴው እርግጠኛ ሲሆን ነው። ይህን እውነት በግልጽ ከሚያስረዱት አገሮች አንዷ ቬትናም ናት። ይህች አገር በአንድ ፓርቲና በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር እንዳለች፣ በመጀመሪያ ነጋዴውን ከገበያ አሳደደች፤ ቀጥላ እያየች እንዳላየች ሆና ታገሠችው፤ በመጨረሻም ሕግ አወጣችለት። ለኢትዮጵያ ቡና ላኪ በዓለም ገበያ የምትገጥመው ተወዳዳሪ ናት። በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የወጪና የገቢ ንግድ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ አገር ባለሀብት ስለተከፈተ፣ የቬትናምን ጒዞ መመርመር ለዕውቀት ያህል ብቻ ሳይሆን ለጥቅምም ነው። ስለ ቬትናምና ስለ ዓለም ገበያ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በኤፕሪል 30 ቀን 1975 የሰሜኑ ጦር ሳይጎን ገባ፤ በሚከተለውም ዓመት ሁለቱ ክፍሎች ተዋሕደው የቬትናም ሶሻሊስት ሪፑብሊክ ተባሉ። በሰሜኑ ክፍል ገበሬው አስቀድሞ በኅብረት እርሻ ተደራጅቶ፣ ንግዱም በመንግሥት እጅ ገብቶ ነበር። ደቡቡ ግን የነጋዴ አገር ነበረ። በተለይም ቾሎን የሚባለው የሳይጎን ሰፈር የሩዝ፣ የጨርቅና የመድኃኒት ጅምላ ንግድ ማእከል ነበር። አዲሱ መንግሥት ሦስት ዓመት ያህል ከቈየ በኋላ፣ በማርች 1978 የግል ንግድ እንዲቀር ዐዋጅ አወጣ። ተቈጣጣሪዎችና የወጣት ጓዶች በአንድ ቀን በየሱቁና በየመጋዘኑ ገብተው ዕቃ ቈጠሩ፤ 30,000 ያህል የንግድ ቤቶችም ተዘጉ። በሜይ ወር ደግሞ ገንዘቡ ተለወጠ፤ ነጋዴው በቤቱ ያኖረው ጥሬ ገንዘብ ከተወሰነው መጠን በላይ ከሆነ ዋጋ አልነበረውም።

ከእነዚህ ነጋዴዎች ብዙዎቹ ትውልዳቸው ከቻይና ነበር። አንዳንዶቹ አዲስ የኤኮኖሚ ክልል ወደ ተባለው ጠፍ መሬት ተላኩ፤ ሌሎች ደግሞ ያላቸውን ወርቅ ለመርከበኛ ከፍለው በሌሊት ወደ ባሕር ወጡ። እስከ 1995 ድረስ በጀልባ ተሳፍረው በጎረቤት አገሮች ዳርቻ የደረሱት ቬትናማውያን 800,000 ያህል ናቸው፤ ባሕር የበላቸውን ግን የቈጠራቸው የለም። መንግሥቱ ሱቁን ሲወርስ መደርደሪያውንና ሸቀጡን አገኘ። የነጋዴውን ዕውቀት፣ ከገበሬው ጋር የነበረውን መተማመንና የዱቤ ደብተሩን ግን አላገኘም፤ እነዚህ ከባለቤታቸው ጋር የሚሰደዱ ንብረቶች ናቸውና።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ዘመን ቬትናማውያን የድጎማ ዘመን ብለው ይጠሩታል። ሩዝ፣ ሥጋ፣ ስኳርና ጨርቅ የሚገኘው በራሽን ነበር። የሩዝ ደብተር ከሰው ንብረት ሁሉ የከበረ ሆነ፤ ስለዚህም ፊቱ የጠቈረ ሰው ሲታይ የሩዝ ደብተሩ የጠፋበት ይመስላል የሚል አነጋገር ተፈጠረ። በሃኖይ ከተማ ሰዎች በሰልፉ ላይ በስማቸው ምትክ ጡብ አኑረው ወደ ሥራ ይሄዱ ነበር። መንግሥቱ ለሩዝ የሚከፍለው ዋጋ ገበሬውን ስለማያበረታታው፣ ገበሬው ለቤቱ ከሚበቃው በላይ ማምረትን ተወ። ሜኮንግን የመሰለ ወንዝ ያላት አገር ከውጭ እህል ለማስገባት ተገደደች። ዋጋ በጽሕፈት ቤት ሲወሰን ሸቀጥ ከገበያ ይሸሻል፤ የዚያን ዘመን ቬትናም ይህን ያየችው በራብ ነው።

ለውጡ የተጀመረው ከላይ አይደለም። ገና በ1966 ኪም ንጎክ የተባለ የቪን ፉክ አውራጃ የፓርቲ ጸሐፊ፣ የኅብረት እርሻውን መሬት ለየቤተ ሰቡ በውል እንዲከፋፈል አድርጎ ነበር። ምርቱ ቢጨምርም የፓርቲው የሐሳብ መሪ የነበረው ትሩዎንግ ቺን አወገዘው፤ ሥራውም በ1968 ታገደ። ከ1979 በኋላ በደቡብ የሚገኘው የሎንግ አን አውራጃ የራሽን ኩፖኑን ትቶ በገበያ ዋጋ መግዛትና መሸጥ ሞከረ። በሳይጎንም ከተማውን ይመራ የነበረው ቮ ቫን ኪየት፣ ባ ቲ የተባለችውን የእህል መሥሪያ ቤት ኀላፊ ወደ ሜኮንግ ልኮ ሩዝ ከገበሬው በገበያ ዋጋ እንድትገዛ አደረገ። ይህ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከተማው ከራብ ዳነ። ቬትናማውያን ይህን ዐይነቱን ድፍረት አጥር መስበር ይሉታል። አጥር ሰባሪው ቮ ቫን ኪየትም ከ1991 እስከ 1997 የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

ማእከላዊው መንግሥት የተከተለው እያመነታ ነው። በጃኑዋሪ 1981 ገበሬው ከኅብረት እርሻው ጋር ውል ገብቶ ትርፍ ምርቱን ለራሱ እንዲያደርግ ተፈቀደ። በ1985 ግን ዋጋን፣ ደመወዝንና ገንዘብን በአንድ ጊዜ ለመለወጥ ተሞከረና ነገሩ ተበላሸ፤ በ1986 የዋጋው ንረት በዓመት ከ700 በመቶ በላይ ሆነ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፣ በችኮላ የተለወጠው ገንዘብ በደመወዝተኛው እጅ ላይ እንደ ጨው ሟሟ። በዚያው ዓመት ዋና ጸሐፊው ሌ ዙዋን ሲሞት፣ ቦታውን ለጥቂት ወራት የያዘው ያው ትሩዎንግ ቺን ነበረ። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የገበሬውን ውል ያወገዘው ይህ ሽማግሌ፣ በየአውራጃው ዞሮ ከተመለከተ በኋላ ሐሳቡን ለወጠ። በዲሴምበር 1986 የተሰበሰበው ስድስተኛው የፓርቲው ጉባኤ ዶይ ሞይ፣ ማለት ማደስ፣ የተባለውን መመሪያ ተቀበለ፤ ንጉየን ቫን ሊንም ዋና ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ።

ከጉባኤው ውሳኔ በላይ ነጋዴን የሚመለከተው ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግ ነው። በ1988 ቤተ ሰብ የእርሻ ዋና ክፍል መሆኑ ታወቀለት፤ በሚከተለውም ዓመት ትናንት እህል የምትለምነው አገር ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ ወደ ውጭ ላከች። በዲሴምበር 1990 የግል ንግድ ድርጅቶችና የኩባንያዎች ሕግ ወጣ። በ1993 ደግሞ የመሬት ሕጉ ገበሬው የመጠቀም መብቱን እንዲያወርስ፣ እንዲያስተላልፍና በመያዣነት አስይዞ እንዲበደርበት ፈቀደለት፤ መሬቱ ግን እስከ ዛሬ የመላው ሕዝብ ነው ይባላል፤ የሚያስተዳድረውም መንግሥት ነው። በ1999 የወጣውና ከ2000 መባቻ ጀምሮ የጸናው የድርጅቶች ሕግ እጅግ የላቀ ነበር። ነጋዴው በሕግ ያልተከለከለውን ሁሉ ለመሥራት መብት እንዳለው ደነገገ፤ ፈቃድ የመለመን ሥርዐት በአብዛኛው ቀርቶ መመዝገብ ብቻ በቃ፤ በርካታ ንኡሳን ፈቃዶችም ተሰረዙ። ፈቃድ ሰጪው ጸሐፊ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ያኖረው የነበረ ሥልጣን ወደ ሕግ መጽሐፍ ተዛወረ ማለት ነው።

ፍሬው የታወቀ ነው። በ1993 ከሕዝቡ 58 በመቶ ያህሉ ድኻ ሆኖ ተቈጥሮ ነበር፤ በ2008 ይህ ቊጥር ወደ 15 በመቶ ግድም ወረደ። አሜሪካ የንግድ ማዕቀቧን በ1994 አነሣች፤ ቬትናም በ1995 የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ማኅበር አባል ሆነች፤ በ2007ም ወደ ዓለም የንግድ ድርጅት ገባች። በ2024 ወደ ውጭ የላከችው ዕቃ ዋጋ ከ400 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል።

ይሁን እንጂ የዚህን ሀብት ባለቤት መጠየቅ ያሻል። ከሚላከው ዕቃ ከመቶ ሰባ ያህሉን የሚልኩት የውጭ አገር ኩባንያዎች ናቸው። ምክንያቱ ከሕጎቹ ቅደም ተከተል ይገኛል። የውጭ ባለሀብት ሕግ የወጣው በ1987 ሲሆን፣ ለአገሩ ተወላጅ ነጋዴ ሕግ የወጣለት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ባንኩና መሬቱም ለረጅም ጊዜ የመንግሥት ድርጅቶች ነበሩ፤ ስለዚህ በፋብሪካው በኩል ተወላጁ ገና ሲያቈጠቍጥ የውጭው ቀድሞ ሥር ሰደደ። በችርቻሮው በኩል ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። በሙሉ የውጭ ሀብት የተቋቋመ የንግድ ቤት የተፈቀደው በ2009 ነው፤ ያውም ከመጀመሪያው ሱቅ ቀጥሎ ሌላ ለመክፈት የአካባቢው ፍላጎት እንዲመረመር ሆኖ ነበር። በዚያ ጊዜ የቬትናም ባለሱቅ ሃያ ዓመት ያህል ነግዶ፣ ደንበኛውን አጽንቶ፣ ልጆቹን አስተምሮ ነበር። ዛሬ ታላላቅ መደብሮች በየከተማው ቢከፈቱም፣ ከአምስት ሚሊዮን በላይ የሆኑ የቤተ ሰብ ንግዶች በየመንገዱ ዳር ቆመው ይታያሉ። ጋን በጠጠር ይደገፋል።

የቡናው ነገር ለብቻው መታየት ይገባዋል። ከ1975 የብራዚል ውርጭ በኋላ የቡና ዋጋ ሲወደድ፣ ዶላር ያጠራት ምሥራቅ ጀርመን ቡና በዕቃ ልውውጥ ፈለገች፤ በ1977ም የጦር መሣሪያና ሌላም ዕቃ እየሰጠች ከደርግ መንግሥት የኢትዮጵያን ቡና ወሰደች። ኢትዮጵያ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ እንዲሆን ስትጠይቅ፣ ምሥራቅ ጀርመን ፊቷን ወደ ቬትናም መለሰች፤ በ1980 በዳክ ላክ አውራጃ ቡና እንዲለማ ተዋዋለች። ዛፉ አፍርቶ ለጭነት ሲደርስ ግን ተዋዋዩዋ አገር ራሷ ከካርታ ጠፋች። ቡናው ቀረ፤ ከዶይ ሞይ በኋላም መሬቱን የያዘው ቤተ ሰብ አስፋፋው። በ1990 የቬትናም ምርት 100,000 ቶን ያህል ነበር፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙ እጥፍ ሆኖ አገሪቱ ኮሎምቢያን ቀድማ ከብራዚል ቀጥላ ቆመች።

የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት በ1989 ፈርሶ ስለነበር ምርቱን የሚገታ አልተገኘም። ብራዚልም ምርቷን ጨመረች፤ በ2001 የዓለሙ አማካይ ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። ጉዳቱ የደረሰው በሲዳማና በጅማ ገበሬ ላይ ነው፤ በሐረርጌም ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ብዙ ነው። ራሱ የዳክ ላክ ገበሬም ከኪሳራው አላመለጠም። ደን ተመንጥሯል፤ የኤዴና የጃራይ ብሔረሰቦች የአባቶቻቸው መሬት በሰፋሪ እጅ ገብቶባቸው በ2001 እና በ2004 ዐደባባይ ወጥተው ጮኸዋል፤ መልሱም እስራት ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ከተመነጠረ ደን የመጣ ቡና እንዳይገባ ሕግ ሲያወጣ፣ የሚፈጸምበት ቀን ቢተላለፍም፣ ለሁለቱም አገር ላኪዎች የእርሻውን ቦታ በማስረጃ የማሳየት ግዴታ አመጣባቸው። ሩቅ የሚመስል የመንግሥት ለውጥ በላኪው መጋዘን ደጃፍ የሚደርሰው በዚህ አኳኋን ነው።

ንግዱ ሲከፈት ፖለቲካው አብሮ ይከፈታል ብለው የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። ቬትናም ይህን ተስፋ አላጸደቀችም። ሕገ መንግሥቱ በ1992 እና በ2013 ሲለወጥ፣ የፓርቲውን መሪነት የሚደነግገው አራተኛው አንቀጽ አልተሰረዘም። የግል ጋዜጣ የለም፤ መንግሥቱን በጽሑፍ የነቀፉ ሰዎች ይታሰራሉ። በእርግጥ ፓርቲው ራሱ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ነጋዴን የሚያሳድደው ፓርቲ በ2006 አባሎቹ በግል ንግድ እንዲሠማሩ ፈቅዷል። ነገር ግን የባለሥልጣኑን ሥራ የሚመረምር ነጻ ጋዜጣና ነጻ ሸንጎ በሌለበት፣ ሀብትና ሥልጣን በስውር መጠቃቀማቸው አይቀርም። በሙስና ላይ በተከፈተው ዘመቻ ሚኒስትሮችና ታላላቅ ባለሀብቶች ለፍርድ ቀርበዋል፤ በ2023 እና በ2024 ሁለት ፕሬዚዳንቶች ተከታትለው ሥልጣናቸውን ለቀዋል። ዘመቻው ብዙ ሌባ ቢይዝም፣ ከሳሹም መርማሪውም አንድ ፓርቲ በመሆኑ፣ ነገ ማን እንደሚያዝ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ይህ ደግሞ ለንግድ የሚያስፈልገውን እርግጠኛነት ይቀንሳል።

ለውጡን ያመጣው የመሪዎቹ ጥበብ ነው የሚሉ አሉ። ከዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት የሆነው ክፍል መካድ አይገባውም። ስሕተቱን በሥልጣን ላይ እያለ አይቶ የሚመለስ መንግሥት ብዙ አይደለም፤ ትሩዎንግ ቺን የትናንት ቃሉን በአደባባይ መሻሩ ቀላል ሥራ አልነበረም። ነገር ግን መሪዎቹ ያጸደቁት መንገድ ገበሬውና ባለሱቁ በእግራቸው የጠረጉትን ነው። ኪም ንጎክ ከታገደበት ዓመት እስከ 1988 ሃያ ዓመት አለፈ፤ የዚህን ሃያ ዓመት ዋጋ የከፈለው ጡብ አኑሮ የተሰለፈው ሕዝብ ነው።

የኢትዮጵያም ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የጅምላ ነጋዴውን ካፒታል በ300,000 ብር፣ የችርቻሮውን በ200,000 ብር ወስኖ ነበር፤ እህሉም በቁርጥ ዋጋ ለመንግሥት ገበያ ድርጅት ይገባ ነበር። ቬትናም መንገዷን በለወጠች ጊዜ ደርግ በዚያው አሳብ ጸና፤ ቅይጥ ኤኮኖሚ የተባለውን ያወጀው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዐሥራ አምስት ወር በኋላ ወደቀ። ሁለቱም መንግሥታት አንድ ዐይነት ትምህርት አንብበው ነበር፤ አንዱ ነጋዴውን የጠራው ገና ጊዜ ሳለ ነው፤ ሌላው ግን ቤቱ መቃጠል ከጀመረ በኋላ ነው።

የቬትናም ባለሱቅ ጭንቀት ዛሬም አላለቀም። በሜይ 2025 ፓርቲው የግል ንግድ ከአገሪቱ ኤኮኖሚ ሁሉ ይልቅ ዋነኛው አንቀሳቃሽ ኀይል እንደሆነ የሚገልጽ ውሳኔ አወጣ፤ በ1978 ሱቅ ያሸገው ፓርቲ ይህን መጻፉ ያስደንቃል። በአንድ ወር ውስጥ ግን ከተወሰነ ገቢ በላይ ያላቸው ቸርቻሪዎች ከግብር መሥሪያ ቤት ጋር በተያያዘ መሣሪያ ደረሰኝ እንዲቈርጡ ታዘዘ፤ የኢትዮጵያ ነጋዴ የቁርጥ ግብር የሚለውን የመሰለው ግብርም ከ2026 መባቻ ጀምሮ እንዲቀር ተወሰነ። ብዙ ትንንሽ ሱቆች፣ የግዢ ደረሰኝ ስለሌላቸውና የኋላ ሒሳብ እንዳይመጣባቸው ስለፈሩ፣ ደጃቸውን ዘጉ። የውሳኔው ዓላማ መልካም ነው፤ ሆኖም ዐርባ ዓመት ያለ ደብተር እንዲነግድ የተተወ ሰው በአንድ ወር ሒሳብ ያዥ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ሦስት ነገር ይገኛል። መጀመሪያው፣ ፈቃድ ከባለሥልጣን በጎ ፊት ሳይሆን ከተጻፈ ሕግ እንዲመጣ መጠየቅ ነው፤ በባለሥልጣን በጎ ፊት የተከፈተ ሱቅ ባለሥልጣኑ ሲለወጥ ይዘጋልና። ሁለተኛው፣ የውጭ ባለሀብት መምጣቱን በጭፍን ከመቃወም ይልቅ፣ የአገሩ ነጋዴ ብድር፣ መሬትና የውጭ ምንዛሪ በእኩል ደረጃ እንዲያገኝ፣ መከፈቱም በደረጃ እንዲሆን በንግድ ምክር ቤቶች አማካይነት በአንድ ድምፅ መናገር ነው። ሦስተኛው በነጋዴው በራሱ እጅ ያለ ነው፤ ይኸውም መዝገብ መያዝ፣ ደረሰኝ መስጠትና መቀበል፣ የቡናውን ምንጭ በማስረጃ ማስቀመጥ ነው። ሕግ እንዲጠብቀው የሚሻ ነጋዴ ሒሳቡ በሕግ ፊት የሚቆም ሊሆን ይገባዋል። መንግሥትም በበኩሉ፣ ነጋዴው መዝገቡን ሲገልጥ የሚያገኘው ቅጣት ሳይሆን ልክ ያለው ግብር መሆኑን በተግባር ማሳየት አለበት፤ አለዚያ መዝገቡ ተመልሶ ይዘጋል፤ ሸቀጡም ወደ ጓዳ ይገባል።